በሐሩር የማይጠወልግ ቅጠል
ስለ ቅድስት ወለተ ጴጥሮስና በዠበይ ስለ ተሰበሰቡት ሴቶች፤ በትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ ፲፯ ቍጥር ፰ ምክንያት የተነገረ ታሪክ።

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ነቢዩ ኤርምያስ በምዕራፍ ፲፯ ሁለት ተክሎችን አንጻር ለአንጻር አቁሞ ያሳያል። አንደኛው ሰው በማይኖርበት በጨው መሬት የበቀለ ቍጥቋጦ ነው፤ ሁለተኛው በውኃ ዳር የተተከለ፥ ሥሩን ወደ ፈሳሹ የሰደደ ዛፍ ነው። በመጀመሪያው በሥጋ ክንድ የሚታመነውን ሰው፥ በሁለተኛው በእግዚአብሔር የሚታመነውን ሰው መሰለበት። አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር ግን አለ። ነቢዩ ሐሩሩ በቍጥቋጦው ላይ ብቻ ይመጣል አላለም። ፀሐይዋ ለሁለቱም አንዲት ናት፤ የዝናሙም መታጣት ለሁለቱም እኩል ነው። ልዩነቱ ከላይ በምትታየው ፀሐይ ሳይሆን ከታች በተሰወረው ሥር ነው። ስለዚህ በእግዚአብሔር የታመነውን ሰው መከራ አያገኘውም ብሎ የሚተረጕም ቢኖር የነቢዩን ቃል በጥድፊያ አልፎታል።

ውኃ የተባለው አንድም ቃለ እግዚአብሔር ነው፤ ነፍስ ከእርሱ ጠጥታ ትለመልማለችና። አንድም ጥምቀት ነው። አንድም የምእመናን ማኅበር ነው፤ ዛፉ ብቻውን ቆሞ ቢታይም ከምድር በታች የሚያጠጣው እንዳለ፥ በመከራ ጊዜ አንዱ ክርስቲያን የሌላውን ሥር በስውር ያጠጣልና። ከዚህ በታች ለሚነገረው ታሪክ የሚስማማው ይህ ሦስተኛው ነው።

ነቢዩ ይህን የተናገረበት ዘመንም ለታሪኩ ብርሃን ይሰጣል። የይሁዳ ነገሥታት ባቢሎንን ፈርተው በግብፅ ሠራዊት ተስፋ ያደርጉ ነበር። በሴዴቅያስ ዘመን የፈርዖን ሠራዊት በእርግጥ ወጣ፤ ከለዳውያንም ለጥቂት ጊዜ ከኢየሩሳሌም ተነሡ፤ ሕዝቡም ዳንን አለ። ኤርምያስ ግን ያ ሠራዊት ወደ አገሩ እንደሚመለስ ተናገረ፤ እንዳለውም ሆነ፤ ከተማይቱም ተያዘች። የሥጋ ክንድ የተባለው እንዲህ ያለው ነው፤ ሲዘረጋ ይታያል፤ ሲፈለግ ግን አይገኝም።

እንግዲህ በሐሩር ጊዜ የሴቶች ማኅበር ሥር ሆኖ መገኘቱ በመጽሐፍ እንግዳ ነገር አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ፊልጵስዩስ በገባ ጊዜ ወንጌልን በመጀመሪያ የተናገረው በአደባባይ ቆሞ ለሹማምንት አይደለም፤ በሰንበት ቀን ከከተማው በር ውጭ በወንዝ ዳር ለተሰበሰቡ ሴቶች ነው። ከእነርሱ አንዲቱ ልድያ የምትባል፥ ከትያጥሮን አገር የመጣች የቀይ ሐር ነጋዴ ነበረች። በኋላ ጳውሎስና ሲላስ በበትር ተደብድበው፥ እግራቸው በግንድ ተጠርቆ ሌሊቱን በወህኒ አድረው በወጡ ጊዜ የሄዱት ወደ እርስዋ ቤት ነው። ቅዱስ ሉቃስ ይህን በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ ፲፮ ጻፈው። በምዕራፍ ፲፪ም ሄሮድስ ያዕቆብን በሰይፍ ገድሎ ጴጥሮስን ባሰረ ጊዜ ብዙዎች ተሰብስበው የጸለዩት በማርቆስ እናት በማርያም ቤት ነው። ሐዋርያት ሲታሰሩና ሲበተኑ በሩ ያልተዘጋ ቤት የሴት ቤት ነበረ። ይህ በኢትዮጵያም በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ደረሰ፤ ዓመታቱም ከዚህ በታች በአገራችን አቈጣጠር ተጽፈዋል።

ሱስንዮስ በ፲፭፻፺፱ ዓ.ም. ነገሠ። ብልህና ጦረኛ ንጉሥ ነበረ፤ ይህን የሚክድ ታሪክ ጸሐፊ የለም። መንግሥቱን ግን በብዙ ወገን ጠላት ከቦት፥ መሳፍንቱም በየጊዜው እየሸፈቱበት፥ ከፖርቱጋል አገር ጦርና ነፍጥ ይመጣልኛል ብሎ ተስፋ አደረገ። ጴጥሮስ ጳኤዝ የተባለው የኢየሱሳውያን መምህርም በአነጋገሩ ልዝብነት ልቡን ሳበው። ንጉሡ በ፲፮፻፲፬ ዓ.ም. የሮምን ሃይማኖት መቀበሉን ገለጠ፤ በየካቲት ፲፮፻፲፰ ዓ.ም. ደግሞ በደንቀዝ በጳጳሱ በአልፎንሱ ሜንዴዝ ፊት ተንበርክኮ ለሮም ሊቀ ጳጳሳት ታማኝነቱን ማለ። የተጠበቀው የፖርቱጋል ሠራዊት ግን አልመጣም። የፈርዖን ሠራዊት ለይሁዳ ወጥቶ ተመለሰ፤ ይኸኛው ጭራሽ አልወጣም።

ሜንዴዝ ያዘዘው ሥርዐት እጅግ ከባድ ነበረ። ካህናቱ እንደ አዲስ ክህነት እንዲቀበሉ፥ ሕዝቡ ዳግመኛ እንዲጠመቅ፥ ቀዳሚት ሰንበት እንድትሻር፥ ግዝረት እንዲቀር፥ በዓላትና አጽዋማት በሮም አቈጣጠር እንዲሆኑ፥ የረቡዕ ጾም ቀርቶ ቅዳሜ እንዲጾም አዘዘ። ሊቃውንቱ በዚህ ዘመን የተከራከሩት ስለ ባሕርየ ክርስቶስ ነበረ፤ ክርክራቸውም ተጽፎ ይገኛል። ነገር ግን ዐዋጁ ከቤተ መንግሥት ወጥቶ ወደ ሕዝቡ ቤት በገባ ጊዜ መጀመሪያ የነካው ማን ነው? ረቡዕ ዕለት ምን እንደሚበላ የምታውቅ፥ ለቀዳሚት ሰንበት ዱቄቱን ዐርብ የምታስፈጭ፥ ልጅዋን በስምንተኛው ቀን የምታስገዝር፥ በሰማንያኛዋ ወይም በአርባኛው ቀን ታቅፋ ወደ ጥምቀት የምትወስድ ሴት ናት። ለሊቁ የንባብና የትርጓሜ ነገር የሆነው ለእርስዋ የእሳትና የድስት፥ የልጅዋም የክርስትና ነገር ነው። ዳግመኛ ይጠመቅ ማለት እስከ ዛሬ ልጅሽ አልተጠመቀም ነበር፥ ሳይጠመቅ የሞተውም ልጅሽ ጠፍቶአል ማለት ነውና፤ ይህን የምትሰማ እናት እንዴት ትታገሥ? የተቃውሞው ሥር ከዚህ እንደ ሆነ ሳያስተውሉ የዘመኑን ሽፍትነት ሁሉ የመኳንንት ምኞት ብቻ አድርገው የሚተርኩ ተሳስተዋል።

በቤተ መንግሥቱም ውስጥ እንዲሁ ነበረ። የንጉሡ ሚስት እቴጌ ወልደ ሠዓላ ከባልዋ ጋር ወደ አዲሱ ሃይማኖት አልገባችም። የኢየሱሳውያን መምህራንም ለአለቆቻቸው በላኩት ጽሕፈት የወይዛዝርቱን ልብ ማጠፍ እንደ ከበዳቸው አልሸሸጉም። ጠላት የመሰከረው ምስክርነት ደግሞ አድልዎ የለበትም።

ከእነዚህ ወይዛዝርት አንዲቱ ወለተ ጴጥሮስ ናት። በ፲፭፻፹፭ ዓ.ም. ገደማ ተወለደች፤ አባትዋ ባሕር ሰገድ፥ እናትዋ ክርስቶስ ዕበያ ይባላሉ፤ ወገናቸው ከደዋሮና ከፈጠጋር ታላላቆች ነው። በልጅነትዋ ለመልክአ ክርስቶስ ተዳረች፤ እርሱም በሱስንዮስ ዘንድ የመማክርት አለቃ ነበረ። (በዚያው ዘመን በላስታ ሸፍቶ ንጉሡን የወጋ ሌላ መልክአ ክርስቶስ አለ፤ ስማቸው አንድ ስለ ሆነ ሁለቱን እያቀላቀሉ የሚናገሩ ብዙዎች ናቸውና ይለይ።) ሦስት ልጆች ወልዳ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱባት። ከዚያ በኋላ ልብዋ ወደ ምንኵስና አዘነበለ፤ አንድ ጊዜም ከቤትዋ ወጥታ ሄደች። ባልዋ ግን ጭፍራ ይዞ ፈለጋት፤ የተቀመጠችበትንም አገር ሕዝብ ስላስጨነቀ ስለ እነርሱ አዝና ተመለሰች።

ሁለተኛው መውጣትዋ ግን መመለስ የሌለው ሆነ። ግብፃዊው ጳጳስ አቡነ ስምዖን የንጉሡን አዲስ መንገድ አውግዞ፥ የንጉሡ አማች ዮልዮስ ባስነሣው ጦርነት መካከል በ፲፮፻፱ ዓ.ም. ተገደለ። መልክአ ክርስቶስ ከንጉሡ ጋር በዘመቻው ነበረ፤ ወደ ቤቱም በተመለሰ ጊዜ የሟቹን ጳጳስ ልብስ ይዞ ገባ። ወለተ ጴጥሮስ ያንን ልብስ አየች። ከዚያች ቀን በኋላ ከእርሱ ጋር በአንድ መኝታ መተኛትን እምቢ አለች፤ እህልና ውኃም እየተወች ሰውነትዋን አደከመች፤ በመጨረሻም ባልዋ ሊያኖራት እንዳልቻለ አይቶ ለቀቃት። ይህን አንዳንዶች የሴት ግትርነት ይሉታል። ነገር ግን በቤትዋ የተሰቀለው ልብስ የማን እንደ ሆነ ያሰበ ሰው ይህን ለማለት ይቸኵላልን?

መንኵሳ በጣና ዳር በተቀመጠች ጊዜ እኅተ ክርስቶስ የምትባል ሌላ ወይዘሮ አገኘች። እርስዋም ባልዋንና ልጅዋን ትታ የመነነች ነበረች። ሁለቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ሞት የማይለያዩ ጓደኞች ሆኑ። ወለተ ጴጥሮስ በዝምታ አልተቀመጠችም፤ ወደ ወልቃይትና ወደ ጸገዴ ሄዳ ሕዝቡ በአባቶቹ ሃይማኖት እንዲጸና፥ የንጉሡንም ስም በቅዳሴ እንዳያነሣ አስተማረች። ይህ በነገሥታት ዘንድ የሞት ፍርድ የሚያመጣ ነገር ነው። ተይዛም በንጉሡ ጉባኤ ፊት ቆመች።

ንጉሡ ሊገድላት ፈልጎ ነበር፤ ሞትዋን ከመፍረድ ግን ተቈጠበ። ወገንዋ ብዙ፥ ዘመዶችዋም ባለ ሥልጣን ነበሩና፤ ደግሞም የሞተች ሴት ሰማዕት ተብላ ከሕያዊቱ ይልቅ ትናገራለች። በመጀመሪያ ሜንዴዝና ባልንጀሮቹ መጽሐፋቸውን ይዘው እንዲያሳምኑአት ተደረገ፤ እርስዋም ተከራከረቻቸው እንጂ አልተበገረችም። ይህ ባልሆነ ጊዜ ዠበይ ወደሚባል ቆላ እንድትጋዝ ተፈረደ። ዠበይ በምዕራብ በኩል ያለ፥ ሐሩሩ እንደ እቶን የሚፋጅ አገር ነው፤ ገድልዋም ይህን አጥብቆ ይናገራል። የመማክርቱ አሳብ ግልጥ ነው። ሰይፍ ያላደረገውን ፀሐይ ታድርገው፤ ደምዋም በማንም እጅ አይገኝ አሉ።

ደገኛ ወደ ቆላ ሲወርድ የሚያገኘውን የማያውቅ የለም። በበጋ ምድሩ ተሰነጣጥቆ ነፋሱ ራሱ ይጋረፋል፤ ዝናም ሲመጣ ደግሞ ንዳዱ ይነሣል፤ ብርድ የለመደ ሰውነት ሁለቱንም አይችልም። ነገሥታቱ ግዞተኛውን ወደ ቆላ ወይም ወደ አምባ የሚልኩት በዚህ ምክንያት ነበር። በቤትዋ አሽከርና ገረድ እየታዘዛት ያደገች ወይዘሮ በዚያ አገር ብቻዋን ስትጣል ከአንድ በጋ በላይ ትቈያለች ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ሦስት ዓመት ቈየች። ከዚህም የሚደንቀው ብቻዋን አለመቈየትዋ ነው። ግዞት ወደ ተጣለችው ሴት ራሳቸውን በፈቃዳቸው ግዞተኛ ያደረጉ ሰዎች ይመጡ ጀመር። እኅተ ክርስቶስ ከተሸሸገችበት ወጥታ ወደ ዠበይ ወረደች፤ ሌሎችም ሃይማኖታቸውን ከመለወጥ መሰደድን የመረጡ ሴቶችና ወንዶች ተከተሉ። በደጋ ቤተ ክርስቲያናቸው የተነጠቀባቸው ሰዎች ቤተ ክርስቲያን በሌለበት ቆላ ማኅበር ሆኑ። ጳጳስ አልነበራቸውም፤ ርስት አልነበራቸውም፤ የነገሥታት ቃል ኪዳን አልነበራቸውም። የነበራቸው ጸሎት፥ ጾም፥ አንዲት የታሰረች ሴት፥ እርስ በርሳቸውም መተያየት ነው። የፊልጵስዩስ ሴቶች ወንዝ ነበራቸው፤ እነዚህ ግን እርስ በርሳቸው ወንዝ ሆኑ።

በዚያ ስፍራ የሆነውን አንድ ራእይ ገድልዋ ይተርካል። ጌታችን ተገልጦ ብዙ ነፍሳት ወደ እርስዋ እንደሚሰበሰቡ፥ እርስዋም እንድትጠብቃቸው ነገራት። ወለተ ጴጥሮስ ግን በደስታ አልተቀበለችም፤ እኔ ጭቃ የሆንሁ ሌላውን እንዴት ላድን እችላለሁ ብላ ተከራከረች። የተሰጣት መልስ ጭቃ ከገለባ ጋር ሲለወስ ጽኑ እንደሚሆን፥ እህልም እንደሚጠብቅ ነው። የዚህን ምሳሌ ጣዕም የሚያውቅ ጎታ የሠራ ነው፤ ጎታ የሚሠሩትም ሴቶች ናቸው። ጭቃው ብቻውን በፀሐይ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ገለባው ብቻውን በነፋስ ይበተናል። ሁለቱ ተለውሰው በዚያችው ፀሐይ ሲደርቁ ግን እህሉን ከነቀዝና ከዝናም የሚጠብቅ ዕቃ ይሆናሉ። እንግዲህ ገለባ የተባሉት እነማን ናቸው? ገለባ የተባሉ ወደ እርስዋ የተሰበሰቡት ናቸው፤ እርስዋ ለእነርሱ ብቻ ሳይሆን እነርሱም ለእርስዋ ብርታት ሆኑና። አንድም ገለባ የተባለ መከራው ነው፤ ከእህሉ ተለይቶ የተጣለ የሚመስለው ለጎታው ማጽኛ ሆኖአልና። ጎታውን ያጸናችውም ያቺው ልታደርቃት የታዘዘች ፀሐይ ናት። ኤርምያስ ስለ ዛፉ የተናገረው በጎታውም ይገኛል።

በዚሁ ራእይ ሰባት ማኅበራት እንደሚሆኑላት ተነግሮአታል ይላል። የመጀመሪያይቱ ይህች የዠበይ ማኅበር ናት፤ ከግዞት ከወጣች በኋላ ደግሞ በደምቢያ ጫንቋ፥ በጣና ደሴት በምጽሌ፥ በዘጌና በሌሎችም ስፍራዎች ተሰበሰቡ። በደጋ በሰላም ተቀምጣ ቢሆን ኖሮ ከብዙ መነኮሳይያት አንዲት ሆና ትቀር ነበር፤ እመ ምኔት ያደረጋት የንጉሡ ፍርድ ነው።

ነገሩን ከገድሉ በላይ ማሳመር ግን አያስፈልግም። ማኅበሩ ያለ መከራና ያለ ማጕረምረም የኖረ አልነበረም። በጫንቋ ብዙ ሕዝብ በተሰበሰበ ጊዜ በሽታ ገብቶባቸው ከስፍራ ወደ ስፍራ ሸሹ። ሴቶቹ ከየወገኑ የመጡ ነበሩ፤ የመኳንንት ልጅና የገባር ልጅ በአንድ ማዕድ ሲቀመጡ፥ እመቤት የነበረችው ራስዋ ውኃ ስትቀዳና እንጨት ስትለቅም የሚነሣው ነገር ይታወቃል። ወለተ ጴጥሮስም ገርነት ብቻ ያላት እናት አልነበረችም፤ በተግሣጽ ብርቱ ነበረች፤ ወንዶችንና ሴቶችን ለየች፤ የማኅበሩን ሥርዐት ያፈረሰውን ትቀጣ ነበር። ገድሉ ይህን ሳይሸሽግ መጻፉ ለታማኝነቱ ምስክር ነው፤ ቅዱሳንን እንከን የለሽ አድርገው የሚስሉ ጸሐፊዎች ግን አንባቢውን ተስፋ ያስቈርጡታል።

በዚህ መካከል የመንግሥቱ ነገር ወደ ፍጻሜው ደረሰ። በሰኔ ፲፮፻፳፬ ዓ.ም. ሱስንዮስ የላስታውን መልክአ ክርስቶስን ሠራዊት በወይና ደጋ ወግቶ አሸነፈ፤ የሞቱትም እስከ ስምንት ሺህ እንደሚደርሱ ተጽፎአል። ሬሳው በሜዳ ተዘርግቶ ሲታይ ግን እስላምም አረመኔም አልነበረበትም፤ ሁሉም የገዛ ሕዝቡና የገዛ ወገኑ ክርስቲያን ነበረ። አሸናፊው ንጉሥ በዚያው ወር ሕዝቡ ወደ አባቶቹ ሃይማኖት እንዲመለስ ዐዋጅ አስነገረ፤ መንግሥቱንም ለልጁ ለፋሲለደስ ተወ፤ በ፲፮፻፳፭ ዓ.ም. መጀመሪያም ሞተ። በዐዋጅ የገባው በዐዋጅ ወጣ። ሜንዴዝና ኢየሱሳውያኑም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከአገር እንዲወጡ ተደረገ።

ድል በሆነ ጊዜ ስለ ሃይማኖት ተሰድደው የነበሩ መኳንንት ወደ ጕልታቸውና ወደ ማዕረጋቸው ተመለሱ፤ መመለሳቸውም ነውር የለበትም። ወለተ ጴጥሮስ ግን ወደ ወይዘሮነትዋ አልተመለሰችም። ከእኅተ ክርስቶስ ጋር በጣና ዙሪያ ማኅበርዋን እየመራች ኖረች፤ በኅዳር ፲፯ ቀን ፲፮፻፴፭ ዓ.ም. በሃምሳ ዓመትዋ ዐረፈች። ማኅበሩን ከእርስዋ በኋላ እኅተ ክርስቶስ ተቀበለች፤ እርስዋም በ፲፮፻፵፩ ዓ.ም. ዐረፈች። በቈራጣ የሚገኘው ገዳምም በወለተ ጴጥሮስ ስም ተመሠረተ።

ገድልዋ የተጻፈው ካረፈች በሠላሳ ዓመት፥ በ፲፮፻፷፭ ዓ.ም. ነው፤ ጸሐፊውም ገላውዴዎስ የተባለ መነኵሴ ነው። እርሱ ከእርስዋ ጋር የነበሩትን ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ጠይቆ በግዕዝ ጻፈው። በዠበይ የነበረውን ሐሩር፥ የራእዩን ጭቃና ገለባ፥ የእኅተ ክርስቶስን መምጣት ለእርሱ የነገሩት ያን ጊዜ በሕይወት የቀሩ የማኅበሩ ሰዎች ናቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።